ለሥራ ወደ ዲሲ በባቡር፦ መጀመሪያ መመለሻውን እዩ

አምና አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ደስ ብሎታል። ቨርጂኒያ ውስጥ ውድብሪጅ ቤት አግኝተዋል። ዋጋው ከአሌክሳንድሪያ በብዙ ይቀንሳል። ባቡር ጣቢያው ደግሞ በእግር 10 ደቂቃ ነው። «ከእንግዲህ ባለቤቴ በትራፊክ አትሰቃይም፤ በባቡር ሄዳ በባቡር ትመለሳለች» አለኝ። ባለቤቱ ዲሲ ውስጥ ነርስ ናት። የምትሠራው ሌሊት ነው። ማታ 7 ሰዓት ገብታ ጠዋት 7፡30 ትወጣለች።

ቤቱን ገዙ። በመጀመሪያው ሳምንት ነገሩ ገባቸው። ጠዋት እሷ ከሥራ ስትወጣ ባቡሮቹ ከውድብሪጅ ሰው ጭነው ወደ ዲሲ እየገቡ ነው። ማታ እሷ ወደ ሥራ ስትነሳ ደግሞ ሰው ጭነው ከዲሲ ይመለሳሉ። ባቡሩ ደጃቸው ላይ ነው። ግን የሚሄደው ሁልጊዜ እሷ በምትመጣበት አቅጣጫ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ባቡር የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ «ስንት ሰዓት ነው ከሥራ የምትወጣው?» እለዋለሁ። የት ትኖራለህ የሚለው ሁለተኛ ነው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ባቡር መምረጥ ማለት መመለሻ መምረጥ ማለት ነው። ጠዋት መሄድማ ቀላል ነው። ሰው የሚቸገረው ማታ ነው።

(ሰዓት የምጽፈው እዚህ ስልካችን ላይ እንደምናየው ነው፤ በሀገር ቤት አቆጣጠር እንዳትወስዱት።)

ሦስት ዓይነት ባቡር አለ

ብዙ ሰው «ባቡር» ሲል ሜትሮን ነው። ሜትሮ በ1976 የተከፈተው የከተማው ባቡር ነው። ስድስት መስመርና 98 ጣቢያ አለው። ቀኑን ሙሉ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። አንዱ ቢያመልጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሌላ ትይዛላችሁ።

ማርክ የሜሪላንድ ነው። ከባልቲሞር፣ ከፍሬድሪክ፣ አልፎም ከዌስት ቨርጂኒያ ተነስቶ ዩኒየን ስቴሽን ይገባል። ቪአርኢ ደግሞ የቨርጂኒያ ነው። በ1992 ሥራ ጀመረ። ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ወደ ማናሳስ፣ ሌላው በፍሬድሪክስበርግ በኩል እስከ ስፖትሲልቬኒያ ይሄዳል።

ማርክና ቪአርኢ በአብዛኛው ጠዋት ቢሮ ገብቶ ማታ ለሚወጣ ሰው የተሠሩ ናቸው። ወንበራቸው ምቹ ነው። ብዙዎቹ ፉርጎዎች ፎቅ አላቸው። ሽንት ቤትም አላቸው፤ ሜትሮ ውስጥ ይህ የለም። ነፍሰ ጡር ለሆነች ወይም ስኳር ላለበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን አንዱ ባቡር ካመለጠ ቀጣዩ ከግማሽ ሰዓት ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ካመለጠ ደግሞ ሌላ መላ መፈለግ ነው።

ከጀርመንታውን፣ ከጌይዘርስበርግና ከሮክቪል

እዚህ ላይ ብዙ እላለሁ፤ የማውቀው መስመር ነው። ጀርመንታውን ስኖር አምስት ዓመት በማርክ ብራንስዊክ መስመር ተመላልሻለሁ።

ጠዋት ከ6 ሰዓት በፊት ነው። ጨለማ ነው፤ ውርጭም አለ። መድረኩ ላይ ሰው ተበታትኖ አይቆምም። በሩ የት እንደሚቆም ሁሉም ስለሚያውቅ እዚያው እዚያው ሰብሰብ ብሎ ይጠብቃል። እኔም ቦታዬን የተማርኩት እትዬ ከምላቸው አንዲት ሴት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚሠሩት። ሻይ በፔርሙስ ይዘው፣ ነጠላቸውን ከካፖርታቸው ሥር አድርገው ይመጣሉ። ፎቁ ላይ ወጥተው በቀኝ በኩል መስኮቱ ጋ ይቀመጣሉ። ጌይዘርስበርግ ሳንደርስ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ትኬት ተቆጣጣሪው ያውቃቸዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ሲቃረብ የወንበሩን ጀርባ በጣቱ መታ መታ ያደርግና የጣቢያውን ስም ቀስ ብሎ ይጠራላቸዋል። እትዬ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «እግዜር ይስጥህ» ይሉታል፤ በአማርኛ። እሱም ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል።

የዚህ መስመር ጥሩ ጎን ይህ ነው። ተቀምጦ፣ ሞቆት፣ ተኝቶ መሄድ። 270 አውራ ጎዳና ላይ ፍሬን እየረገጡ ከመሄድ ጋር አይወዳደርም።

ችግሩ ደግሞ ይኸው። ብራንስዊክ ቅዳሜና እሑድ አይሠራም። በሥራ ቀናትም በአብዛኛው ጠዋት ወደ ዲሲ፣ ከሰዓት በኋላና አመሻሽ ላይ ከዲሲ ብቻ ነው። ሐዲዱ የጭነት ባቡር ኩባንያ የሆነው የሲኤስኤክስ ነው፤ ረጅም የጭነት ባቡር ከፊት ካለ መጠበቅ አለ። በበጋ ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ሐዲዱ ሊጣመም ስለሚችል ባቡሮቹ ፍጥነት ይቀንሳሉ። ሐምሌ ላይ የልጅ መዋያ የሚዘጋበት ሰዓት ያለባቸው ወላጆች ይህን ያስቡበት።

አማራጩ እስከ ሻዲ ግሮቭ በመኪና ሄዶ የሜትሮን ቀይ መስመር መያዝ ነው። ቀይ መስመር ጌይዘርስበርግና ጀርመንታውን ድረስ አይመጣም፤ ሻዲ ግሮቭ ላይ ያበቃል። ለመኪና ማቆሚያም በሥራ ቀናት ይከፈላል። ማርክ ጣቢያዎች ላይ ግን በአብዛኛው በነፃ ነው።

ታዲያ የቱ ይሻላል? የሥራ ቦታችሁን ካርታው ላይ እዩት። ቀይ መስመር እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ ነው። ከሻዲ ግሮቭ ይነሳና በቤተስዳ አድርጎ መሃል ዲሲ ይገባል፤ ከዚያ ዞሮ በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሥራችሁ ቤተስዳ፣ ሜዲካል ሴንተር ወይም ዱፖንት ሰርክል ከሆነ ማርክ አይጠቅማችሁም፤ ሜትሮ ያዙ። ሥራችሁ ዩኒየን ስቴሽን ወይም ካፒቶል አካባቢ ከሆነ ማርክ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነማ ጥያቄም የለውም። ከሮክቪል ሲልቨር ስፕሪንግ በማርክ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። በሜትሮ ግን መሃል ከተማውን ዞራችሁ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅባችኋል። ይህን ሳያውቁ ለዓመታት በሜትሮ ሲዞሩ የኖሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ሥራችሁ ማታ 9 ወይም 10 የሚያልቅ ከሆነ ግን፣ የትም ብትሠሩ፣ ምርጫው ሜትሮ ብቻ ነው። የብራንስዊክ ባቡር አመሻሽ ላይ አብቅቷል።

ከባልቲሞር በኩል

እዚህ ሁለት መስመር አለ፤ ልዩነታቸውም የሰማይና የምድር ነው።

ፔን የሚባለው መስመር ከሁሉም የተሻለው ነው ብል አላጋነንኩም። ቀኑን ሙሉ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ቅዳሜና እሑድም ይሠራል። የሚሄደው አምትራክ የሚባለው ሀገር አቀፍ የመንገደኛ ባቡር በሚጠቀምበት ዋናው ሐዲድ ላይ ስለሆነ በሰዓት እስከ 125 ማይል ይበራል። ኒው ካሮልተን ላይ ከሜትሮ ብርቱካናማ መስመር ጋር ይገናኛል። ቢደብልዩአይ አውሮፕላን ማረፊያ ጋ የራሱ ጣቢያ አለው፤ ከጣቢያው እስከ ተርሚናሉ ነፃ አውቶቡስ አለ። ሺፍታችሁ የሚቀያየር ከሆነ፣ ቤት ኪራይ የከበዳችሁ ከሆነ፣ ኦደንተን ወይም ቦዊ አካባቢ ቤት ስትፈልጉ ይህን መስመር አስቡት። ከእነዚህ የክፍለ ሀገር መስመሮች ሁሉ የሌሊት ሠራተኛ በተቃራኒ አቅጣጫ ሊመላለስበት የሚችለው ይህ ነው።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ባልቲሞር ላይ ባቡሩ ተጎትቶ የሚያልፍበት ዋሻ በ1873 የተሠራ ነው። እዚያ አንድ ነገር ከተበላሸ መዘግየቱ እስከ ዲሲ ይደርሳል። በምትኩ በፍሬድሪክ ዳግላስ ስም የተሰየመ አዲስ ዋሻ እየተሠራ ነው።

ሁለተኛው ካምደን ነው። በሎረል፣ በግሪንበልትና በኮሌጅ ፓርክ ያልፋል። እንደ ብራንስዊክ በሲኤስኤክስ ሐዲድ ላይ፣ በሥራ ቀናት ብቻ ይሄዳል። ሎረል ላይ ጣቢያው አጠገብ ለሚኖርና ቢሮ ለሚሠራ ሰው በቂ ነው። ግሪንበልትና ኮሌጅ ፓርክ ለሚኖር ግን የሜትሮ አረንጓዴ መስመር እዚያው ስላለ ሌላ ፍለጋ አያስፈልግም። ይህን መስመር የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። ሬሌይ አካባቢ ፓታፕስኮ ወንዝን የሚሻገርበት የድንጋይ ድልድይ በ1835 የተሠራ ነው። ባቡር ዛሬም ይሄድበታል። ሙያተኛ በእጁ ጠርቦ የደረደረው ድንጋይ፣ አጼ ምኒልክ ሳይወለዱ የቆመ፣ እስከዛሬ ሰው ወደ ሥራ ያመላልሳል። አንድ ቀን በመስኮት እዩት።

ከቨርጂኒያ በኩል

ቪአርኢ ለማን ይሆናል? ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት ገብቶ ከቀኑ 3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ለሚወጣ። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ግሩም ነው። ከማናሳስ፣ ከበርክ፣ ከሎርተን፣ ከውድብሪጅ የሚመጣ ሰው 95 ወይም 66 አውራ ጎዳናን በመስኮት እያየ ይሄዳል። ፓርኪንግ በአብዛኛዎቹ ጣቢያዎች ነፃ ነው። አሌክሳንድሪያ ላይ ከወረዳችሁ ኪንግ ስትሪት የሜትሮ ጣቢያ አጠገቡ ነው። ላንፋንት ላይ ከወረዳችሁ ከቀዩ በቀር አምስቱንም የሜትሮ መስመሮች ታገኛላችሁ። ዩኒየን ስቴሽን ከወረዳችሁ ቀዩ አለ።

የመጨረሻው ባቡር ከዲሲ የሚወጣው ማታ 7 ሰዓት ገደማ ነው። ቅዳሜና እሑድ የለም። እንደ ታንክስጊቪንግ ባሉ በዓላትም የለም። ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ፓርኪንግ የሚሠራ ወገናችን ደግሞ በዓል የሚውለው ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ «ከባቡር ጣቢያ አጠገብ» የሚል ቤት ስታዩ ቀስ በሉ። የየትኛው ባቡር ጣቢያ?

ለምን በተቃራኒው አቅጣጫ እንደልብ አይሠራም ብሎ የሚጠይቅ አለ። ዋናው ማነቆ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ነው። በዚያ በኩል ወንዙን የሚሻገረው የባቡር ድልድይ በ1904 የተሠራ ሲሆን ያለው ሁለት ሐዲድ ብቻ ነው። ቪአርኢም፣ አምትራክም፣ የጭነት ባቡርም በዚያው ነው የሚያልፉት። አጠገቡ ሁለት ሐዲድ ያለው አዲስ ድልድይ መሥራት የተጀመረው በ2024 መገባደጃ ነው። ዓላማው ቪአርኢን በቀንም በሳምንት መጨረሻም በብዛት ማንቀሳቀስ ነው። መልካም ነው። ነገር ግን ዛሬ የሚገዛ ቤት ዛሬ ባለው ባቡር ይመዘን።

ውድብሪጅ ላሉ አንድ ሌላ ነገር አለ። ጠዋት ላይ መኪና ማቆሚያ ቦታ ተሰልፈው ከማያውቁት ሹፌር ጋር በነፃ ወደ ፔንታጎን የሚሄዱ ሰዎች ታያላችሁ። ሹፌሩ ሰው ከጫነ በአውራ ጎዳናው ፈጣን መስመር ያልፋል፤ ሁለቱም ይጠቀማሉ። የአካባቢው የቆየ ልማድ ነው። የቢሮ ሰዓት ላለው ሰው ይሠራል፤ ለሌላው አይሆንም።

አሌክሳንድሪያ፣ ቫን ዶርን፣ ሀንቲንግተን አካባቢ የምትኖሩ በሜትሮ ሰማያዊና ቢጫ ተጠቀሙ። አሽበርን፣ ኸርንደንና ሬስተን ያላችሁ የብር መስመር አላችሁ። ይህ መስመር ከኅዳር 2022 ጀምሮ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ይገባል። ከሀገር ቤት የሚመጣ እንግዳ ለመቀበልም፣ ሻንጣው ከሁለት ካልበለጠ፣ ከታክሲ በብዙ ይረክሳል። ከመሃል ዲሲ አንድ ሰዓት ያህል ያዙ።

ጎህ ሳይቀድ ለምትገቡ

አውሮፕላን ማረፊያ የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። ናሽናል ኤርፖርት በሩ ላይ ሜትሮ አለ፤ ሰማያዊና ቢጫ። ሆኖም ሜትሮ በሥራ ቀናት የሚከፈተው ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከዚያም ዘግይቶ ይከፍታል። ከንጋቱ 4 ሰዓት ሺፍት ላለው ሰው በዓለም ላይ ያለ ባቡር ሁሉ ቢደረደር አይጠቅመውም። እንዲህ ከሆነ ቤት ስትፈልጉ ከጣቢያ ቅርበት ይልቅ አብሯችሁ የሚሠራ ሰው ቅርበት ይበልጣል። በመኪና ተደራርቦ መሄድ ነው። መመለሻው ቀን ላይ ስለሆነ በሜትሮ ትመለሳላችሁ።

እሑድ ለቅዳሴ በባቡር የምትሄዱም እንዲሁ ሰዓቱን አይታችሁ ውጡ። ብራንስዊክ፣ ካምደንና ቪአርኢ ከጨዋታ ውጪ ናቸው።

ገንዘቡ

የሜትሮ ዋጋ በርቀት ነው። ስትገቡም ስትወጡም ካርድ ታስነካላችሁ። ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ በሥራ ቀናት ከ2.25 እስከ 6.75 ዶላር ነው፤ ከማታ 9፡30 በኋላና ቅዳሜ እሑድ ከ2.25 እስከ 2.50። ስለዚህ የቱንም ያህል ሩቅ ብትኖሩ ደርሶ መልስ በቀን ከ13.50 አይበልጥም። የምግብ እርዳታ የሚያገኝ ቤተሰብ ሜትሮ ሊፍት በሚባለው ፕሮግራም ቢመዘገብ በግማሽ ዋጋ ይሄዳል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። እባካችሁ ለእናቶች ንገሯቸው።

ማርክና ቪአርኢ የወር ትኬት አላቸው። በሳምንት አምስት ቀን ለሚመላለስ ያዋጣል። ሦስት ቀን ብቻ ከሆነ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ደምሩት፤ የተናጠሉ ሊቀል ይችላል። ትኬት ስልክ ላይ ስትገዙ መግዛቱ ብቻ አይበቃም። ከመሳፈራችሁ በፊት ሥራ ላይ እንዲውል መንካት አለባችሁ፤ ካልሆነ በቪአርኢ ትኬት እንደሌለው ሰው ትቆጠራላችሁ። አንድ አባት ከፍለው፣ ደረሰኝ ይዘው፣ ይህችን አንድ ቁልፍ ባለመንካታቸው ሲጨነቁ አይቻለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን አሠሪያችሁን ጠይቁ። የትራንስፖርት ወጪ ከታክስ በፊት ከደመወዝ ሊቆረጥ ይችላል፤ በ2025 በወር እስከ 325 ዶላር። ዲሲ ውስጥ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ የትራንስፖርት ጥቅም እንዲያቀርብ ሕግ ያስገድደዋል። ሆቴሉም፣ ምግብ ቤቱም፣ ጋራዡም ይመለከተዋል። «ለቢሮ ሰው ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ሌላም አለ። ኮሚዩተር ኮኔክሽንስ የሚባለው ተቋም ባቡር ለሚጠቀሙ ሠራተኞች የአደጋ ጊዜ መመለሻ ይሰጣል። ልጅ ታሞ ቢደወልላችሁ ወይም አለቃ ድንገት ቆዩ ቢላችሁ፣ በዓመት ለተወሰነ ጊዜ ያህል በነፃ ወደ ቤት ያደርሳችኋል። ቀድማችሁ መመዝገብ አለባችሁ። ማርክን ወይም ቪአርኢን ለመያዝ ከወሰናችሁ ከወር ትኬቱ በፊት ይህን አድርጉ።

ገና የሚመጣው

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለዓመታት ተቆፍሮ የምታዩት መንገድ ፐርፕል የሚባለው አዲስ የባቡር መስመር ነው። ግንባታው የተጀመረው በ2017 ነው። ከቤተስዳ ተነስቶ በሲልቨር ስፕሪንግና በኮሌጅ ፓርክ አድርጎ ኒው ካሮልተን ይደርሳል፤ 16 ማይል፣ 21 ጣቢያ። ሱቆቻችንና ምግብ ቤቶቻችን በቁፋሮው ብዙ ተጎድተዋል። ሲከፈት ግን ሦስቱንም የማርክ መስመሮች መሃል ዲሲ ሳይገባ ያገናኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖርና ባልቲሞር በኩል የሚሠራ ሰው ያን ጊዜ ኑሮው ይቀልለታል።

ከመፈረማችሁ በፊት

የቤት ውል ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ቀን ሥራ እንዳለባችሁ ሆናችሁ ሂዱ። እሑድ ከሰዓት በኋላ አይደለም፤ በራሳችሁ ሺፍት ሰዓት። ከዚያ ደግሞ በምትወጡበት ሰዓት ተመለሱ። ሰዓት ያዙ፤ ከመኪና ማቆሚያው እስከ መድረኩ ያለውን እርምጃ ጨምሩበት። በ2025 መጀመሪያ የፌዴራል ሠራተኞች ወደ ቢሮ እንዲመለሱ ከታዘዙ ወዲህ ፓርኪንጉም ወንበሩም ከበፊቱ ይጨናነቃል።

ወዳጄና ባለቤቱ ውድብሪጅን አልለቀቁም። መላ ግን አገኙ። ማታ በመኪና እስከ ፍራንኮኒያ ስፕሪንግፊልድ ትሄዳለች። መኪናዋን እዚያ ታቆምና በሰማያዊው መስመር ፎጊ ቦተም ትወርዳለች። ጠዋት ሁሉም ሰው ወደ ከተማ ሲጋፋ የእሷ ባቡር ወደ ውጪ ይሄዳል፤ ፉርጎው ባዶ ነው። መስኮቱ ጋ ትቀመጥና ጫማዋን ፈታ ታደርጋለች። ፍራንኮኒያ የመስመሩ መጨረሻ ስለሆነ ጣቢያው ያልፈኛል ብላ አትሰጋም። ትተኛለች።